ከምጽዋ ባሕር እስከ ወልከፊት ገደል፦ የጦርነት ብረት ዕጣ

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ ጣሊያኖች በወደቡ የነበሩትን በርካታ መርከቦችና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች አስቀድመው በገዛ እጃቸው አስጥመዋቸው ነበር። ከዚያ ወደብ ተነሥቶ በአስመራ፣ ተከዜን ተሻግሮ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ግን እንደ ተዘጋ ቆየ። ከአዲ አርቃይ በላይ፣ በወልከፊት ገደል አናት የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር አልለቀቀም ነበርና። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው ስንቁን ቢያስጨርሱት፣ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ 3,000 የሚጠጋ ሠራዊት እጁን ሰጠ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች።

በምጽዋ የሰጠመውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1934 ዓ.ም. ማንሣት ጀመረ። ጦርነቱ ገና አላበቃምና፣ መጠገኛውም ለጦር መርከቦች ያስፈልግ ነበርና ይህን የሚነቅፍ አይኖርም። ጥያቄው የሚነሣው ከሰላም በኋላ ብረቱ በኪሎ ሲመዘን ነው።

ሕጉ በየብስም በባሕርም ዘግይቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ብቻ ጥንታዊ ቅርስ ስላለ፣ የወልከፊት መድፍ በእርሱ ዓይን ተራ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የጸደቀው የውኃ ውስጥ ቅርስ ስምምነት ቅርሱን በሰጠመበት ቦታ መጠበቅን ቀዳሚ ምርጫ አድርጎ ለንግድ መበዝበዝን ቢከለክልም፣ የሚመለከተው ቢያንስ መቶ ዓመት በውኃ ውስጥ የቆየውን ነው። በ1933 ለሰጠመ መርከብ ቀኑ የሚደርሰው በ2033 ዓ.ም. ይሆናል። ዝገትም ቁራሌውም እስከዚያ አይታገሡም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን በዕድሜ ፈንታ ታሪካዊ ዋጋንና ምስክርነትን መለኪያ አድርጓል፤ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰውም ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል።

የመድፍ ቀለሃ ተሰቅሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሆን፣ ከአገሩ ሳይወጣ ታሪኩ ከምእመኑ ጋር ስለሚኖር እንደ ጠፋ አይቈጠርም። ያልፈነዳ ጥይትንም በባለሙያ ማስወገድ ግድ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ መድፉ ወደየትኛው ጠመዝማዛ ዞሮ እንደ ነበር፣ ምሽጉ ከውኃ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገረው ብረቱ በቦታው ሳለ ነው። መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ የሚቀረው ክብደቱ ብቻ ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አዲ አርቃይ ዳግም የጦር ሜዳ ሆነች። የዚያ ጦርነት ስብርባሪ ከ1933ቱ ጋር ተደባልቆ አንድ ላይ ከተጫነ፣ የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ መለየት አዳጋች ይሆናል።