የውሃ ፈንድ

የውሃ ፈንድ ማለት በተፋሰስ ግርጌ የሚገኙ ውሃ ተጠቃሚዎች፣ ማለትም ከተሞች፣ የኃይል ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች፣ ውሃው የሚመነጭበትን የላይኛውን ተፋሰስ ለማስጠበቅ ገንዘብ የሚያዋጡበት ተቋም ነው። መነሻው ቀላል ስሌት ነው፦ የተራቆተ ተራራ ጎርፍና ደለል ያወርዳል። ደለሉን ከግድብና ከማጣሪያ ጣቢያ ማስወገድ ደግሞ አፈሩ ከመነሻው እንዳይታጠብ ከመከላከል ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ወጪ ይጠይቃል።

አመጣጥ

ለአሠራሩ ቀደምት ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው የኒው ዮርክ ከተማ ናት። ከተማዋ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ይልቅ፣ ከተፋሰሱ ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ መሬት መግዛትና ገበሬዎች ወንዙን እንዳይበክሉ መደገፍን መረጠች።

የኪቶ ፈንድ

በዓይነቱ የመጀመሪያው የውሃ ፈንድ በ2000 እ.ኤ.አ. በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ተቋቋመ። በስፓንኛ ምህጻረ ቃል ፎናግ ይባላል። የከተማው የውሃ ድርጅት 20,000 ዶላር፣ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ደግሞ 1,000 ዶላር አዋጥተው ለ80 ዓመት የሚቆይ የአደራ ገንዘብ መሠረቱ። በኋላ የመብራት ኃይል ድርጅቱና የቢራ ፋብሪካ ተቀላቀሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የከተማ ደንብ የውሃ ድርጅቱ ከገቢው ከመቶ ሁለት እጅ ድረስ በየዓመቱ እንዲያዋጣ ስላስገደደ፣ ፈንዱ በለጋሾች ፈቃድ ላይ ከመንጠልጠል ዳነ።

ገንዘቡ በዋናነት የሚውለው ፓራሞ የሚባለውን የአንዲስ ደጋ ሣር ምድር ለመጠበቅ ነው። የፓራሞ አፈር ዝናብን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ በእሳትና በልቅ ግጦሽ ሲጎዳ በደረቅ ወራት የወንዞቹ ውሃ ይቀንሳል።

በአፍሪካ

በኬንያ የላይኛው ታና-ናይሮቢ የውሃ ፈንድ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የታና ወንዝ (ከኢትዮጵያው ጣና ሐይቅ ጋር ግንኙነት የለውም) አብዛኛውን የናይሮቢ ውሃ የሚያቀርብ ሲሆን በግድቦቹም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፈንዱ አነስተኛ ገበሬዎች እርከን እንዲሠሩ፣ ዛፍ እንዲተክሉና የዝናብ ውሃ እንዲያጠራቅሙ ይረዳል። የኬፕታውን ፈንድ ከተማዋን ካስጨነቀው ድርቅ በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ዋና ሥራው ብዙ ውሃ የሚጠጡ መጤ ዛፎችን ከተፋሰሱ መንቀል ነው።

ጥያቄዎችና ገደቦች

የውሃ ፈንድ የቧንቧ መስመርንና የማጣሪያ ጣቢያን አይተካም፤ የንጹሕ ውሃ አቅርቦት ለሌለው መንደርም በራሱ ውሃ አያደርስም። ውጤቱን መለካትም አስቸጋሪ ነው፤ የደለሉ መቀነስ ከእርከኑ ይሁን ከዝናቡ ማነስ ለመለየት የብዙ ዓመት ልኬት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው የፍትሕ ጉዳይ ነው። የግጦሽ መሬቱን የሚተወው የደጋ ነዋሪ ከሚያጣው ጋር የሚመጣጠን ካሳ ካላገኘ፣ ሸክሙ ከከተማው ወደ ድሃው ገበሬ ይዞራል።

ይህ ጥያቄ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በአገሪቱ የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው በገበሬው የነፃ ጉልበት ነው፤ ከደለሉ መቀነስ የሚጠቀሙት ግን በግርጌ ያሉ ግድቦችና ከተሞችም ናቸው። የውሃ ፈንድ አሠራር እነዚህ ተጠቃሚዎች ድርሻቸውን እንዲከፍሉ ማድረግ ነው።