ተባይን በተክል መከላከል፦ ከእንዶድ እስከ ኒም

(በሬዲዮ ከተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተጻፈ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሰብል ተባይና ስለ ተክል መድኃኒት ታሪክ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን መልሳችሁ አንብቡ።

አረርቲ የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ከተማ ናት። በሰሜን ሸዋ ብትሆንም እንደ አንኮበርና እንደ ደብረ ብርሃን ብርዳም ደጋ አይደለችም። አካባቢዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ያበቅላል። በስሟ የተጠራ የሽምብራ ዝርያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ገደማ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «አረርቲ» የተባለውን ሽምብራ ለገበሬው አወጣ። «እ.ኤ.አ.» ማለት «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር» ማለት ነው።

ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ መረሬው አፈር የያዘውን እርጥበት ተማምኖ ነው። እሸት መያዝ ሲጀምር ግን ጓይ ትል ይመጣል። ቅርፊቱን ይበሳል፤ ጭንቅላቱን አስገብቶ ፍሬውን ይበላል። ይህ ትል ጥጥንም፣ ቲማቲምንም ያጠቃል። ከማሳ የተረፈውን እህል ደግሞ በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ይጠብቀዋል። ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም። ሰው ማረስ ከጀመረ ጀምሮ የነበረ ጥያቄ ነው።

የጥንቱ ዘዴ

በሬ ጠላት ሲመጣበት ይወጋል፤ ፍየል ትሮጣለች። ተክል ግን መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ተክሎች ራሳቸውን የሚከላከሉበት መራራ፣ ኮምጣጣ ወይም መርዛም ነገር በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። በሽምብራ ማሳ ውስጥ ያለፈ ሰው እግሩ ላይ የሚጣበቀውን ኮምጣጣ ነገር ያውቀዋል። እሱ የሽምብራው መከላከያ ነው። ጓይ ትል ግን ይህን መቋቋም ችሏል።

ሰዎች የተክልን ጉልበት ተመልክተው ለራሳቸው ጥቅም አዋሉት። የእኛ ገበሬዎች እህልን ከአመድ ጋር ይቀላቅላሉ። አመዱ የነቀዙን ቆዳ ይፍቃል፤ ሰውነቱንም ያደርቃል። ሌሎችም ትልልቁን እህል ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጣሉ። ጤፉ በእህሉ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ነቀዙም መንቀሳቀሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ይህን ያስተማረ ትምህርት ቤት አልነበረም። አባትና እናት ለልጅ በቃል ያወረሱት ዕውቀት ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። አውሮፓውያን ትንባሆን በውሃ ዘፍዝፈው ተባይ ይረጩበት ነበር። ፓይሬትረም የተባለች ነጭ አበባም አለች። አበባዋ ደርቆ ሲፈጭ ዱቄቱ ነፍሳትን ይገድላል። ጎረቤታችን ኬንያ ይህችን አበባ በብዛት አምርታ ለዓለም ሸጣለች። ሳይንቲስቶች ከአበባዋ ተምረው ተመሳሳይ መድኃኒት በፋብሪካ ሠሩ። ዛሬ በየቤታችን የምንሰቅለው አጎበር የሚነከረው በዚሁ ዓይነት መድኃኒት ነው።

ዲዲቲ መጣ

እ.ኤ.አ. በ1939 ፓውል ሙለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ደረሰበት። በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲዲቲ የወባ ትንኝንና ቅማልን ገድሎ ብዙ ሕይወት አድኗል። ይህን መካድ አይገባም። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይገድላል። ስለዚህ ወደ እርሻም ገባ። ሰውም የተክሉን ዘዴ «የድሮ ነው» ብሎ ተወው።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይጠፋ ይቆያል። ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ ሰው ይሄዳል፤ በስብ ውስጥም ይጠራቀማል። ተባዮቹም ቀስ በቀስ ለመዱት። በ1962 ራሄል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ጉዳቱን በመጽሐፍ ጻፈች። በ1972 አሜሪካ ለእርሻ እንዳይውል ከለከለች። በ2001 በስቶክሆልም ከተማ የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነትም ዲዲቲን እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቀደ።

በአገራችንም መርዝ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው አልፎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ ያረጀ መርዝ ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተላከ። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው፤ እናንተው አስሉት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጣ። ያልተመዘገበ መርዝ መሸጥም መጠቀምም ተከለከለ።

የእንዶድ ታሪክ

አሁን ወደ እንዶድ እንምጣ። እናቶቻችን ሸማ ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የሄዱት ብልሃርዝያ የተባለውን በሽታ ለማጥናት ነው። የብልሃርዝያ ትል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ዶክተሩ ከወንዙ ዳር አንድ ነገር አዩ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፏል። ከሌላው ቦታ ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ተከትለው መረመሩ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዓይነቶች አሰባስበው፣ 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ብርቱ መሆኑን ለዩ። በዓድዋ ለ5 ዓመታት እንዶድ በወንዝ ውሃ ላይ ተሞከረ። ከትናንሽ ሕፃናት መካከል በብልሃርዝያ የተያዙት ከ100 ወደ 50 ያህል ነበሩ፤ በመጨረሻ ወደ 7 ወረዱ። ይህም ሆኖ ዓለም ቶሎ አልተቀበለውም። ተጨማሪ የመርዛማነት ምርመራ በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንዲደረግ ተጠየቀ፤ ብዙ ዓመትም ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎላም ፍጡር እንደሚገድል ታወቀ። በዚህ አጠቃቀም ላይ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። እስቲ አስቡት! እንዶድን ለዘመናት ያወቁት ሴቶች ስማቸው በየትኛው መዝገብ ላይ ሰፈረ? በየትኛውም ላይ አልሰፈረም። ለምን? ዕውቀታቸው በቃል እንጂ በጽሑፍ ስላልነበረ ነው።

ኒምና ብርብራ

እንዶድ የቀንድ አውጣ መድኃኒት ነው። ለሰብል ተባይስ? እ.ኤ.አ. በ1959 ሱዳን ውስጥ የበረሃ አንበጣ ወረደ። ያገኘውን ቅጠል ሁሉ በላ። አንድ ዛፍ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ፤ ኒም ይባላል። ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ይህን አይቶ ምርመራ ጀመረ። ኒም የመጣው ከሕንድ ነው፤ በአገራችንም እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ይበቅላል። ኒም ተባዩን ወዲያው አይገድልም። የመብላት ፍላጎቱን ይዘጋል፤ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያደርገዋል። ስለዚህ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ መርጨት ያስፈልጋል። ከፋፋ በኋላ ብዙም አይረዳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደረቀው የኒም ፍሬ ይፈለፈላል፤ ውስጡ ይወቀጣል። ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ይበቃል። አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ በጨርቅ ይጠለላል፤ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበታል። ፀሐይ ጉልበቱን ስለምታጠፋው የሚረጨው ወደ ማታ ነው። ከሳምንት በኋላ ይደገማል።

ብርብራ ደግሞ የራሳችን ዛፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። ሰዎች ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀሙበት ነበር። በውስጡ ሮቴኖን የተባለ ነፍሳትን የሚገድል ነገር አለ። የአገራችን ተመራማሪዎችም የብርብራን ፍሬ በጎተራ ነቀዝ ላይ ሞክረው እንደሚገድል አይተዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ከተክል የተገኘ ሁሉ አይጎዳም» ማለት ስህተት ነው። ትንባሆ ሰው ይገድላል። ብርብራና እንዶድ ዓሣ ይፈጃሉ። ስለዚህ የተክል መድኃኒትም ቢሆን ከልጆችና ከምንጭ ውሃ ይራቅ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ እጃችሁን ታጠቡ። ንብ አበባ ላይ ባለችበት ሰዓት አትርጩ። የፋብሪካ መርዝ የግድ ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ አማክሩ፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ባዶውን ዕቃ ለዘይትና ለውሃ መያዣ አታድርጉት።

ወገኖቼ፣ ማንበብ እንግዲህ ለዚህ ይጠቅማል። የመርዙን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ልጁን ያድናል። መጻፍም ሌላ ጥቅም አለው። እናንተ የምታውቁት ቅጠል፣ ቅመማና አመድ አለ። ከአያት የሰማችሁትን በደብተር ላይ አስፍሩት፤ ስማችሁንና ቀኑን ጨምሩበት። በቃል የቀረ ዕውቀት ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል፤ ወይም ሌላ ሰው በስሙ ያስመዘግበዋል።

በቡድን ተወያዩ፦
1. በአካባቢያችሁ ነቀዝን ለመከላከል ምን ይደረጋል? ጻፉት።
2. ኒም ወደ ማታ የሚረጨው ለምንድን ነው?
3. የዓድዋ ሴቶች ዕውቀት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?