ከምድር ቤት የወጣ ጀብዱ

ሰይፍ የያዘ ወጣት፣ አስማተኛ፣ ቄስ፣ ሌባና ድንክ ጦረኛ አንድ ላይ ሆነው ዘንዶ ወዳለበት ዋሻ የሚገቡባቸው ተከታታይ ታሪኮች ዛሬ በቴሌቪዥንም በመጽሐፍም ሞልተዋል። ትንፋሽ አይሰጡም፤ ከአንዱ ፍልሚያ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ተመልካቹ አንድ ደራሲ በሩን ዘግቶ ለብቻው የጻፋቸው ይመስለዋል። የብዙዎቹ መነሻ ግን ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ የጨዋታው መነሻ ደግሞ እኔ በምኖርባት በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል፣ በአንድ ወጣት ወላጆች ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ግን እምብዛም አላገኘሁም። ከሥሩ ልጀምረው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የጦርነት ጨዋታ የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ። ትንንሽ የእርሳስ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው የናፖሊዮንን ዘመን ውጊያዎች ይደግማሉ። የትኛው ጦር ምን ያህል እንደሚራመድ በማስመሪያ ይለካል፤ ማን እንደሚወድቅ ዳይስ ይወስናል። ከእነሱ አንዱ፣ የፊዚክስ ተማሪው ዴቪድ ዌስሊ፣ በ1969 አዲስ ነገር ሞከረ። ብራውንስታይን የምትባል የፈጠራ የፕራሻ ከተማ አዘጋጀና ሁለቱ ጦሮች ከመግጠማቸው በፊት ለተጫዋቾቹ በጦር ፈንታ ሰው አደላቸው። አንዱ ከንቲባ ሆነ፣ አንዱ ባለባንክ፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚፈልገው ነገር ነበረው።

ዌስሊ ሐሳቡ ተራ በተራ እየመጡ የሚያደርጉትን እንዲነግሩት ነበር። እነሱ ግን ጥግ ጥጋቸውን ይዘው መንሾካሾክ ጀመሩ። ተማከሩ፣ ተከዳዱ፣ ሁለቱ እስከ መፋለም ደረሱ። ለፍልሚያ የሚሆን ሕግ አላዘጋጀም ነበርና ቆሞ በገዛ ራሱ ፍርድ መስጠት ግድ ሆነበት። ዋናው ውጊያ ሳይጀመር ጨዋታው ተበተነ። ዌስሊ ከንቱ ሆነ ብሎ አዘነ፤ ተጫዋቾቹ ግን መቼ ነው የምንደግመው እያሉ ወተወቱት።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያ ቆሞ የፈረደ ዳኛ ነው። በእኛ ተረት ተራኪው ተረት ተረት ሲል ልጆቹ የላም በረት ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። እዚህ ግን አድማጩ ቀበሮዋ ምን እንደምታደርግ ራሱ ይናገራል፤ ተራኪውም ሰምቶ፣ አመዛዝኖ ይመልስለታል። የትኛውም የሕግ መጽሐፍ ያላሰበውን ነገር ሰው ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ነጻነት ከሁሉ በላይ የተጠቀመበት ዴቭ አርነሰን ነበር። ዌስሊ በኋላ ባዘጋጀው፣ መፈንቅለ መንግሥት በማይለያት የላቲን አሜሪካ አገር ላይ በተመሠረተ ጨዋታ ለአርነሰን የደረሰው ወረቀት በታኝ አብዮተኛ መሆን ነው። እሱ ግን የሲአይኤ ሰላይ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ አስመስሎ የሠራውን መታወቂያ ሳይቀር ይዞ መጥቶ ነበር። ሌሎቹም አመኑት። በ1970 ዌስሊ ለወታደራዊ አገልግሎት ሲጠራ የዳኛውን ወንበር የወረሰው ይኸው ሰው ነው።

አርነሰን አንድ ቅዳሜና እሑድ የቆዩ አስፈሪ ፊልሞች እያየ፣ ፈንዲሻ እየበላና ኮናን የተባለውን የልብ ወለድ ጦረኛ ጀብዱዎች እያነበበ፣ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ የምድር ውስጥ መተላለፊያዎችን ሲስል እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በ1971 ጓደኞቹ የናፖሊዮንን ጦርነት ጠብቀው ወደ ወላጆቹ ምድር ቤት ሲወርዱ፣ የፒንግ ፖንጉ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት ቆሞ አገኙ። ቦታው ብላክሙር ይባላል አላቸው፤ ከቤተ መንግሥቱ በታች ጭራቅ የሞላባቸው ዋሻዎች አሉ።

እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የተፈጠረ አንድ ትንሽ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት የጦርነት ሕግ አንዴ የተመታ ሞተ የሚል ነበር። መቶ ወታደር ለሚመራ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ አንዱ ሲወድቅ ዘጠና ዘጠኝ ይቀረዋል። አንድ ሰው ብቻ ላለው ተጫዋች ግን ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ሰዎቻቸውን ወደዋቸው ነበርና አንድ ዳይስ ሲነጥቃቸው ተቃወሙ። አርነሰን ቀደም ሲል ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የብረት ልባስ መርከቦች የጨዋታ ሕግ ሠርቶ ነበር። መርከብ በአንድ ጥይት አይሰጥምም፤ ጉዳቱ እየተደመረ ሄዶ ነው የሚያሰጥመው። ያንን ስሌት ወሰደና ለሰው ሰጠው። ዛሬ በብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ላይ ከጀግናው ራስ በላይ የምትታየው የሕይወት መስመር የመጣችው ከዚያ ነው።

ውጤቱን በዓይኔ አያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈራችን ልጆች ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። አንዲት ልጅ ለጦረኛዋ የአያቷን ስም ሰጥታታለች። የጦረኛዋ ነጥብ ወደ ሁለት ወርዶ ዳይሱን ሳነሣ ልጅቷ እጄን ይዛ፣ «ጋሼ፣ በናትህ አትግደልብኝ!» አለችኝ። ወንድሟ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እኔ ፊቷ እቆማለሁ፣ እኔን ይምታኝ» አለ። ነጥብ መቀነስ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው ደግሞ ሌላው ተጫዋች ለመወሰን የሚያስፈልገው ነው። በጀብዱ ተከታታዮች ውስጥ የምንወደው፣ አንዱ ሊወድቅ ሲል ሌላው የሚደርስለት ቦታ ሁሉ በዚህች ስሌት ላይ ቆሟል።

በ1972 ማብቂያ አርነሰን ከጓደኛው ከዴቪድ ሜጋሪ ጋር በመኪና ወደ ዊስኮንሲን፣ ወደ ሌክ ጄኔቫ ተጓዘ። እዚያ ጋሪ ጋይጋክስ ነበር። በ1970 የኢንሹራንስ ሥራውን ካጣ በኋላ ጫማ እየጠገነ አምስት ልጆቹን ለማሳደግ የሚታገል፣ ማታ ማታ ደግሞ የጨዋታ ሕግ የሚጽፍ ሰው። ብላክሙርን አንድ ማታ ተጫወተና ሕጉን እንዲልኩለት ጠየቀ። አርነሰን የላከለትን ማስታወሻ መነሻ አድርጎ በታይፕራይተር መምታት ጀመረ። የሚያትምለት ሲጠፋ የልጅነት ጓደኛው ዶን ኬይ በሕይወት መድኅኑ 1,000 ዶላር ተበደረና በ1973 ሁለቱ ኩባንያ አቋቋሙ። ብራያን ብሉም የተባለ ሦስተኛ ሰው ገንዘብ ሲጨምርበት በ1974 መጀመሪያ 1,000 ሣጥን «ደንጆንስ ኤንድ ድራገንስ» ታተመ። የአንዱ ዋጋ 10 ዶላር ነበር። ኬይ በ1975 መጀመሪያ በልብ ሕመም ሞተ፤ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በሽፋኑ ላይ የጋይጋክስም የአርነሰንም ስም አለ። ኋላ ግን ኩባንያው «አድቫንስድ» ብሎ ባወጣው መጽሐፍ ላይ የአርነሰን ስም ከደራሲነት ወጣ፤ ክፍያውም ቀረ። በ1979 ከሰሰ፣ በ1981 ተስማሙ። እንደኔ እምነት አርነሰን ተበድሏል። ጋይጋክስ ባይኖር ኖሮ ጨዋታው ከዚህ ከተማ አይወጣም ነበር፤ ያለ ዕረፍት የጻፈው፣ ያደራጀው፣ ያሰራጨው እሱ ነው። ግን ሊጻፍ የሚችል ነገር ያገኘው ከአርነሰን ጠረጴዛ ነው። ጋይጋክስ በ2008 በሌክ ጄኔቫ፣ አርነሰን በ2009 እዚሁ ሴንት ፖል ዐረፉ።

ጨዋታው ወደ መጽሐፍ የተሸጋገረበት መንገድም ከችግር የወጣ ነው። በዩታ ይኖሩ የነበሩት ትሬሲና ሎራ ሂክማን፣ ባልና ሚስት፣ የፈጠሩትን ጀብዱ ለሌክ ጄኔቫው ኩባንያ የሸጡት ለልጆቻቸው ጫማ መግዣ ፍለጋ እንደነበር ትሬሲ ተናግሯል። ኩባንያው በ1982 ትሬሲን ቀጠረውና ቤተሰቡ በመኪና ወደ ዊስኮንሲን ሄደ። ዘንዶ የነገሠበትን ዓለም ባልና ሚስቱ የጠነሰሱት በዚያ መንገድ ላይ ነው። አርታኢዋ ማርግሬት ዋይስ ተጨመረችና «ድራገንላንስ» ሆነ፤ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1984 ወጣ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንባቢ ከሁሉ አስበልጦ የሚያስታውሰው ሬይስትሊን የተባለውን ሕመምተኛ አስማተኛ ነው። ጀብዱውን ለመሞከር በሂክማን ቤት ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ አስማተኛውን የወሰደው ተጫዋች ተራው ደርሶ አፉን ሲከፍት በጎረነነ፣ በሚያንሾካሹክ ድምፅ ተናገረ። ማንም አላዘዘውም። ሌሎቹ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባቸው። ከዚያች ማታ በኋላ ሬይስትሊን ሌላ ድምፅ ሊኖረው አልቻለም፤ ደራሲዎቹ ያን ድምፅ ተከትለው አካሉን፣ ምሬቱን፣ ከመንትያው ጋር ያለውን ነገር ሠሩ።

ጃፓኖች አንድ እርምጃ ርቀው ሄዱ። ጨዋታው በ1985 በጃፓንኛ ወጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ሣጥኑን ከፍቶ ምን እንደሚደረግበት አይገባውም። ሂቶሺ ያሱዳ የተባለ ሰው የሚመራው ቡድን መፍትሔ አገኘ። ራሳቸው ተጫውተው፣ ዳኛው ያለውን፣ ተጫዋቹ የመለሰውን፣ ዳይሱ የወጣበትን እንደ ተውኔት አድርገው «ኮምፕቲክ» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መጽሔት ላይ ከመስከረም 1986 እትም ጀምሮ በተከታታይ አወጡት። ዳኛው ወጣቱ ሪዮ ሚዙኖ ነበር፤ ስሙም «የሎዶስ ደሴት የጦርነት መዝገብ» ነው። አንባቢው ሕጉንም ታሪኩንም በአንድ ላይ ተማረ።

በታሪኩ ውስጥ ፓርን የሚባል ገና ያልበሰለ ወጣት ጦረኛ፣ ከእሱም ጋር ዲድሊት የምትባል ኤልፍ አለች። ዲድሊትን ይጫወት የነበረው ሂሮሺ ያማሞቶ የተባለ ወንድ ደራሲ ነው፤ ኩሩም ሕፃንም የሆነ ጠባይዋን የሰጣት እሱ ነው። ሠዓሊው ዩታካ ኢዙቡቺ ረጃጅም ጆሮ ሣለላት፤ ከዚያ ወዲህ በጃፓን አኒሜ የምናያቸው ብዙዎቹ ኤልፎች ጆሯቸው ረዘመ። ሚዙኖ በ1988 ልብ ወለዱን አሳተመ፤ ከ1990 እስከ 1991 በማድሀውስ ስቱዲዮ 13 ክፍል ያለው አኒሜ ሆነ። እንደምገምተው እዚህ ያለው የዛሬው የአኒሜ ትውልድ ከሎዶስ የልጅ ልጆች ጋር ነው ያደገው፤ አያቱን ግን አላየውም።

በዚያው 1986 «ድራገን ኩዌስት» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። ፈጣሪው ዩጂ ሆሪ የተነሣው ደንጆንስን በኮምፒውተር ለመድገም ከተሠሩት ከ«ዊዛርድሪ»ና ከ«አልቲማ» ነው። ከእሱ ደግሞ በ1989 «የዳይ ጀብዱ» የተባለው ማንጋ ተወለደ፤ በ1991 የጀመረው አኒሜው ሳያልቅ ቀርቶ ከ2020 እስከ 2022 በ100 ክፍል እንደ አዲስ ተሠራ። ይህን መስመር ብዙ አልከተለውም። ኮምፒውተሩ ነጥብ በትክክል ይቆጥራል፤ ያልተጻፈለትን ጥያቄ ግን መስማት አይችልም።

ወንበሩ ወደ ዳኛው የተመለሰው በሎስ አንጀለስ ነው። ለአኒሜና ለጨዋታ ድምፅ በመስጠት የሚተዳደሩ ጓደኛሞች በ2012 ከመካከላቸው ለአንዱ፣ ለሊያም ኦብራያን ልደት መጫወት ጀመሩ፤ ዳኛቸው ማቲው መርሰር ነበር። ከመጋቢት 2015 ጀምሮ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ አስተላለፉ። በ2019 አጭር ካርቱን ለመሥራት 750,000 ዶላር ከሕዝብ ሲጠይቁ ከ11 ሚሊዮን በላይ መጣላቸው። አማዞን ገባበትና «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ቮክስ ማኪና» በጥር 2022 መታየት ጀመረ።

በዚያ ተከታታይ ውስጥ የመቃብር ዋሻ ክፍል አለ። በጠረጴዛው ላይ የሆነው እንዲህ ነው፦ አንዱ ተጫዋች ወጥመድ መኖሩን ሳያጣራ የሬሳ ሣጥኑን ነካ፤ አጠገቡ የነበረችው ቬክስ የተባለች ገጸ ባሕርይ ሞተች። መርሰር እንድትሞት አላቀደም፤ ነጥቡ አለቀ። ከዚያ ነፍሷን ለመመለስ ሥርዓት ሲጀመር፣ መንትያ ወንድሟ ቫክስን የሚጫወተው ኦብራያን በእሷ ፈንታ እኔን ውሰጂኝ ብሎ የሞትን እንስት አምላክ ተማጸነ። መርሰር ቃሉን ሰማ፤ አምላኳም ተቀበለችው። እህቱ ተነሣች፣ ቫክስ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የአምላኳ ሰው ሆነ፤ ሃይማኖቱ፣ ክንፉ፣ በመጨረሻም ከጓደኞቹ መለየቱ ሁሉ ከዚያ ልመና ወጣ። የካርቱኑ ጸሐፊዎች ብዙ ነገር አሳጥረዋል፣ ቦታ ለዋውጠዋል፤ ያን ልመና ግን ሊያወጡት አልቻሉም። ቢያወጡት ከእሱ በኋላ የሚመጣው የቫክስ ታሪክ መነሻ ያጣል።