ስቲዋርዲንግ በናይሮቢ ባለ ኮከብ ሆቴሎች

ስቲዋርዲንግ በትልልቅ ሆቴሎች የወጥ ቤት ጽዳትን፣ የዕቃ አጠባንና የመመገቢያ ዕቃዎችን ጥበቃ የሚይዝ የሥራ ክፍል ነው። ኃላፊው ቺፍ ስቲዋርድ ይባላል፤ በሥሩ የፈረቃ ተቆጣጣሪዎች፣ ሳህንና ድስት አጣቢዎች፣ የሌሊት ጽዳት ሠራተኞች አሉ። በናይሮቢ መሃል ከተማ ሙያው እንደ ስታንሊና እ.ኤ.አ. በ1904 እንደተከፈተው ኖርፎልክ ባሉ ቀደምት ሆቴሎች ዕድሜ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው የኬንያ ኡታሊ ኮሌጅ የአገሪቱ ዋና የሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ ነው።

ተቆጣጣሪው ሊቆም የሚገባው አስተናጋጆች ትሪ በሚያወርዱበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ብርጭቆ በሳህን ክምር ተጭኖ የሚሰበረው፣ ማንኪያ ከትራፊ ጋር ቆሻሻ ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ትራፊው ካልተጠረገ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ ይቆሽሽና ተከትለው የሚገቡትን ሳህኖች ሁሉ ያበላሻል። እንቁላል የነካው ሳህን ቀድሞ ፍል ውሃ ካገኘው ይደርቅበታል፤ በለብታ መታጠብ አለበት። ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) የተገነፋበት ሱፉሪያ (የአሉሚኒየም ድስት) ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ቢቆይ ቅርፊቱ ያለ ትግል ይለቃል፤ በሽቦ መፈግፈግ አሉሚኒየሙን ይጎዳል።

በሙቀት የሚያጸዳ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በ60 እና በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ያጥባል፤ በመጨረሻ በ82 ዲግሪ አካባቢ ያለቀልቃል። ጀርም የሚገድለው በዋናነት ይህ የመጨረሻው ውሃ ስለሆነ፣ በፈረቃው መጀመሪያም ሆነ በግብዣ መሃል ቴርሞሜትሩን ማንበብ ከሌላው ቁጥጥር ሁሉ ይቀድማል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,795 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለማለቅለቂያው ይህ ይበቃል። ሙቀቱ ከጎደለ እንግዲህ መመርመር ያለበት ማሞቂያው ነው። የወጣው ሳህን በአየር ይድረቅ፤ በፎጣ መጥረግ የሞተውን ጀርም በአዲስ መተካት ነው።

ትልቁ ፈተና ውሃ ነው። ከተማዋ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው በሙራንጋ ካውንቲ ካለው የንዳካይኒ ግድብ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር በፈረቃ ይታደላል። ሆቴሎች በታንከርና በጉድጓድ ውሃ ይደጉማሉ። በእነዚህ ቀናት ማሽኑ መደርደሪያው ሳይሞላ አይነሳም፤ ድስቶችም ማጠቢያ፣ ማለቅለቂያና የጀርም መግደያ ባላቸው ሦስት ገንዳዎች ያልፋሉ።

ሌሊት የጭስ መሳቢያው ማጣሪያ ወርዶ ይታጠባል፤ ምድጃው፣ ወለሉና የፍሳሽ መውረጃው ይጸዳሉ። ክሎሪን ያለው በረኪና ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርሙስ ስሙ የተጻፈበት ሊሆን ይገባል፤ ጓንት ማስለበስም የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው።

የወር መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚነካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2007 የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ ለንብረት ጉዳት ከደመወዝ መቁረጥን የሚፈቅደው ሠራተኛው ሆን ብሎ ላደረሰው ጥፋት ነው፤ መጠኑም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። በጥድፊያ ከእጅ ያመለጠ ሳህን ከዚህ አይመደብም። ጠንቃቃ ተቆጣጣሪ ስብራቱን የትና በምን ሰዓት እንደደረሰ በዕለቱ ይመዘግባል፤ አብዛኛው በአንድ ቦታ የሚደጋገም ከሆነ መደርደሪያውን ያስቀይራል ወይም ሰው ይጨምራል።