የሣር ክዳን ቤት ሞዴል
የተማሪዎች የእጅ ሥራ
የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ ሣር፣ ልጥ
ጎጆ ከተማ፣ ጄልዱ ወረዳ፣ ምዕራብ ሸዋ ዞን፣ ኦሮሚያ

ሥራው የሚጀመረው በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ ነው። ገመዱ በችካሉ ዙሪያ ሲዞር መሬት ላይ ክብ ያወጣል፤ ርዝመቱም የክቡ ሬድየስ ነው። የእውነተኛው ቤት መሠረትም የሚወጣው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ፣ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜው የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል።

ከዚያ ቋሚዎቹ ዙሪያውን ተተክለው በማገር ይታሰራሉ። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ክዳኑን ልብ ብለው ይመልከቱ፦ ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ የተከደነው የክረምቱ ዝናብ ሳይሰርግ እንዲወርድ ነው።

ማገሩ የባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን ዛሬ የደጋው ዋና የቤት መሥሪያ እንጨት ሆኗል።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ቆርቆሮ የሣርን ቦታ ወስዷል። ሣር መክደን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ፣ ትምህርት ቤቶች ወደ ክፍል ሊጋብዟቸው ይገባል፤ ልጆች ይህን ዕውቀት የሚወርሱት አይተውና በእጃቸው ሠርተው ነው።