ከማኬሬሬ እስከ ናካሴሮ፦ የዶክትሬት ትምህርት ዓላማና የቋንቋ ሊቁ የሥራ ዕጣ

በካምፓላ ከተማ የማኬሬሬና የናካሴሮ ኮረብታዎች የዋንዴገያን ሰፈር በመካከላቸው አድርገው ይተያያሉ። በአንደኛው ላይ ዩኒቨርሲቲው ተተክሏል፤ በሁለተኛውና በግርጌው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ኤምባሲዎች፣ ባንኮችና ስመ ጥሩው የናካሴሮ ገበያ ይገኛሉ። ሊቁን የሚያሠለጥነው አንዱ፣ ዕውቀቱን የሚገዛው ደግሞ ሌላው ነው። የዶክትሬት ትምህርት ለምን ዓላማ ይሰጣል የሚለው የዛሬ ክርክር መነሻው በነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት በየዘመኑ መለዋወጡ ነው። ይህ ጽሑፍ ለውጡን ከኢትዮጵያ ተሞክሮ ጋር እያነጻጸረ በቋንቋ ጥናት ረገድ ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የመተካት ዘመን

ማኬሬሬ በ1922 የሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቆራኘ ኮሌጅ፣ በ1963 የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል፣ በ1970 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአዲስ አበባም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ተቋቁሞ በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ቢያድግም፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የዶክትሬት ሥልጠናው ደግሞ በ1987 ነው። በዚያ ዘመን ዶክትሬት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ተገኝቶ የሚመጣ ማዕርግ ነበር። ዓላማውም ግልጽ ነበር፦ የውጭ አገር መምህራንን በአገር ልጅ መተካት። ወንበሩ ተመራቂውን ይጠብቅ ስለነበር ስለ ሥራ ገበያ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

መተካቱ ለክብር ብቻ የታሰበ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ኡጋንዳንና ዛምቢያን ያካተተው የምሥራቅ አፍሪካ የቋንቋ አጠቃቀምና የቋንቋ ትምህርት ጥናት ተካሂዷል። የኡጋንዳው ቅጽ በ1972 ሲታተም የላዴፎጌድን፣ የግሊክንና የክሪፐርን ስም ይዞ ወጣ። በ1976 የታተመው የኢትዮጵያ ቅጽ ደግሞ የቤንደርን፣ የቦወንን፣ የኩፐርንና የፈርጉሰንን ስም ይዟል። ሥራዎቹ ዛሬም ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ የሁለቱን አገሮች የቋንቋ ካርታ የመሳሉን ሥራ የመሩት ከውጭ የመጡ ሊቃውንት እንደ ነበሩ የመጻሕፍቱ ሽፋን ይመሰክራል።

2. የገበያ ዘመን

በ1990ዎቹ ማኬሬሬ የመንግሥት ድጎማ ስላልበቃው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን በብዛት መቀበል ጀመረ። ማህሙድ ማምዳኒ በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ በዝርዝር ተችቷል። በኋላም ዋናው ጉዳት መምህሩን ከተመራማሪነት ወደ አማካሪነት ማውረዱ መሆኑን አስረድቷል። አማካሪ ሌላው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሲሆን፣ ተመራማሪ ግን ጥያቄውን ራሱ ይቀርጻል። ማምዳኒ ይመራው የነበረው የማኬሬሬ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም በ2012 የከፈተው፣ ጥልቅ የክፍል ትምህርትን ከምርምር ጋር ያጣመረው የዶክትሬት መርሐ ግብር ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ዘግይቶ የመጣበት ምክንያት ሌላ ነው። ጥቂት የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ2000 ወዲህ በፍጥነት ተስፋፍተው ከአርባ በላይ በመድረሳቸው ለባለ ዶክትሬቱ የማስተማሪያ ወንበር እንደገና ተዘረጋለት። ወንበሮቹ እየሞሉ ሲሄዱ ግን ካምፓላ ቀድማ የተጋፈጠችው ጥያቄ አዲስ አበባንና ባሕር ዳርንም ይመለከታል።

3. የቋንቋ ሊቁ ገበያ

በቋንቋ ጥናት ረገድ አንድ ተቃርኖ ይታያል። ተመራቂው ሥራ የለም ሲል ሥራው ደግሞ ሠሪ የለኝም ይላል። ኢትዮጵያ በ1994 ባወጣችው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ከፍታለች። ኡጋንዳም ከ2007 ጀምሮ የታችኞቹን ክፍሎች ትምህርት በአካባቢ ቋንቋዎች ለመስጠት የተነደፈ ሥርዓተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ዘርግታለች። ሁለቱም ውሳኔዎች የጽሕፈት ሥርዓት፣ መዝገበ ቃላት፣ መማሪያ መጽሐፍ፣ ሙያዊ ስያሜና የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይሻሉ። በቅርቡ ደግሞ በማኬሬሬና በካምፓላ የሚሠሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሉጋንዳን፣ አቾሊን፣ አቴሶን፣ ሉግባራንና ሩኛንኮሌን ለማሽን ትርጉም የሚያዘጋጁ የጽሑፍና የድምፅ ክምችቶችን ማሰባሰብ ጀምረዋል።

የሉሶጋ ቋንቋ ታሪክ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ሚና ናቢርዬ የሉሶጋን ቃላት በሉሶጋ የሚፈታ መዝገበ ቃላት በ2009 ካምፓላ ላይ አሳተመች። በጽሑፍ ክምችት ላይ የተመሠረተውን የሉሶጋ ሰዋስው የዶክትሬት ሥራዋን ደግሞ በ2016 በቤልጂግ በጌንት ዩኒቨርሲቲ አቀረበች። ለማኅበረሰቡ የሚያገለግለው መሣሪያ ቀድሞ፣ ማዕርጉ ተከትሎ መጣ። መሣሪያው ምርምሩን አላረከሰውም።

እንዲህ ያለው አመለካከት ዶክትሬትን ወደ እጅ ሙያ ያወርዳል የሚል ሥጋት ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከፊደል ይጀምራል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አይለይም፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን «እስካሁን» ማለትን አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል። ሉጋንዳም የአናባቢን ርዝመት በፊደል ድርብ ሲያሳይ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ አይጽፍም። ንባብ የሚያሰማ ማሽን እንዲሠራ ያዘዘው የናካሴሮ መሥሪያ ቤት ይህን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በስንት ቀን እንደሚያልቅ ነው። ተቀጣሪው አማካሪ ብቻ ከሆነ በተባለው ቀን ያስረክባል፤ ማሽኑም ሲያነብ ይሳሳታል። ባለ ዶክትሬቱ ግን ትእዛዙ የጎደለው ነገር እንዳለ ያሳያል። ከሥልጠናው የሚጠበቀውም ይህ ችሎታ ነው።

እንግዲህ የዶክትሬት ትምህርት ዩኒቨርሲቲውን ከገበያው የሚያስታርቀው ዓላማውን በማሳነስ አይደለም። የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች የምርምር ሐሳብ ሲያጸድቁ ሁለት ጥያቄዎችን ቢጨምሩ ይበቃል፦ የተሰበሰበው የቃልና የድምፅ ክምችት የት ይቀመጣል? ከተናጋሪዎቹ መካከል የትኛው መምህር፣ ዳኛ ወይም አሳታሚ ሊጠቀምበት ይችላል? እነዚህ መልስ ካላገኙ ጥናቱ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ የቋንቋዎቹ ካርታም እንደ 1972ቱና እንደ 1976ቱ በሌላ እጅ መሣሉ ይቀጥላል።