መቶ ግመል የሚከፍለው ማን ነው?

የሶማሌላንዷ ከተማ ሐርጌሳ የመድን ድርጅት ከማወቋ በፊት አደጋን ተካፍሎ መሸከም ታውቅ ነበር። በአባት የዘር ሐረግ የሚዛመዱ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶች በአንድ ውል ይታሰራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሰው ቢገድል የደም ካሳውን ሁሉም ያዋጣሉ፤ የሟች ወገንም የተቀበለውን ይካፈላል። በልማዱ የወንድ ካሳ 100 ግመል፣ የሴት 50 ነበር።

እንግሊዞች ሶማሌላንድን ሲያስተዳድሩ ውሎቹ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይቀመጡ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ዘግቧቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በቦምብ ሲያፈርስ ብዙ ነዋሪዎቿ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። መንግሥት ሲፈርስ የዘመድ መዋጮና ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ቤተሰቦችን ደገፉ።

ድርቅ ግን የዘመዳሞችን መንጋ በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ያኔ አዋጪውም ተረጂ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳቱን ከአካባቢው አልፎ የሚያካፍል መድን ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ለአርብቶ አደሮች የሚከፍል መድን ቀርቧል። ለሐርጌሳ አባላት አዋጥተው የሚረዳዱበት፣ ከወለድ ነጻ የሆነው ተካፉል የተባለ መድን ለነባሩ ልማድ የቀረበ ነው። አረቦኑ ግን ጥቂት ፍየል ብቻ ያላት ሴትም የምትችለው መሆን አለበት።